ጭራ የሌለው ፕሮቲን

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ አባዬ? ቀኑን ሙሉ ቆመህ የምትውልበት ጉልበትህ እንዴት ነው? ሐኪሟ የሰጠችህን ቅባት ትቀባለህ ወይስ ከመስተዋቱ ኋላ ደብቀህ «ተቀብቻለሁ» ትላለህ? ዓይንህስ? እማዬ እንዴት ናት? ግፊቷ ረገበላት? አያቴስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር፣ በዚህ ሳምንት ናፍቆቱ ራሱ ተራ አላገኘም። ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲበርድም ካፖርቴን እለብሳለሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ስታነበው እማዬ አጠገብህ ተቀምጣ እንደምትሰማ ስለማውቅ ነው።

መደወል ስችል ለምን ደብዳቤ እንደጻፍኩ አይጠፋህም። በስልክ ስናወራ ገና ነገሩን ሳልጀምረው «ቆይ፣ ደንበኛ መጣ» ትላለህ። ደብዳቤን ደንበኛ አያቋርጠውም። ደግሞስ የውርርዳችን ጉዳይ በሁለት ቃል የሚያልቅ ነው? «የምን ውርርድ?» እንዳትለኝ፤ ወንድሜ ምስክር ነው። የተባባልነው እንዲህ ነበር። ያገኘሁት ነገር በፈተናው ቀን ውድቅ ከሆነ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ፣ አጎቴ መድኃኒት ቤት ባንኮኒው ጀርባ እቆማለሁ፣ ትንፍሽ አልልም። ከጸና ግን እዚሁ ሥራዬ ላይ እቀራለሁ፣ አንተም «መቼ ነው የምትመጪው» ማለቱን ትተዋለህ። አንተም «እሺ» አልክ፣ እኔም «እሺ» አልኩ። ፈተናው ማክሰኞ ነበር።

ማን እንደረታ ከመናገሬ በፊት ግን አንድ ጠብ አለኝ። ሰዎች ወንበርህ ላይ ተቀምጠው «ልጅህ ምንድን ነው የምታጠናው?» ሲሉህ «መድኃኒት» ትላለህ አሉ። ወንድሜ «ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?» ቢልህ፣ «ምላጭ ይዤ ማጅራታቸው ላይ ቆሜ ልጄ ሞት ታጠናለች ብል ማን ይቀመጥልኛል?» አልከው። አባዬ፣ ይህን ስሰማ በሳቅ ልሞት ምንም አልቀረኝ። ግን ቅር ብሎኛል። ሥራዬን ስሙን ቀይረህ አትጥራው። የማጠናው የሰው ሞት አይደለም፣ የሴል ሞት ነው፤ እሱ ደግሞ ከሌለ አንተም የለህ፣ እኔም የለሁ፣ ምላጭህም የለ።

እንግዲህ ሲጠይቁህ እንዲህ በላቸው። ሕፃን በማሕፀን ሳለ እጁ የዳክዬ እግር ይመስላል፤ ጣቶቹ በሥጋ ተያይዘዋል። ከዚያ በጣቶቹ መሀል ላሉት ሴሎች ትእዛዝ ይደርሳቸዋል፤ ሥራችሁ አልቋል፣ ሂዱ ይባላሉ። እነሱም ሳያንገራግሩ፣ ጎረቤት ሳይረብሹ፣ በሥርዓቱ ይሞታሉ። ያኔ ጣት ከጣት ይለያል። እነዚያ ሴሎች አንሞትም ቢሉ ኖሮ አውራ ጣትህን በመቀስህ ቀለበት ውስጥ ማስገባት አትችልም ነበር። ከተወለድንም በኋላ ያረጀና የተበላሸ ሴል በየቀኑ ይኸው ትእዛዝ ይደርሰዋል። እምቢ ያለው ነው እባጭ ሆኖ ሰው የሚያሰቃየው።

ያን ትእዛዝ ከሚያቀባብሉት አንዱ የእኔ ፕሮቲን ነው። «የእኔ» ስል አትሳቅ፤ አብሬው ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ባሌ ቢሆን እንኳ እንዲህ አልንከባከበውም። በጣም ትንሽ ነው። መጀመሪያ ሲፈጠር ዝም ብሎ ረጅም ክር ነው፤ ከዚያ ራሱ ይታጠፋል። ስድስት ቦታ ላይ እንደ ከርዳዳ ጸጉር ይጠቀለላል፣ ስድስቱ ጥቅሎች ደግሞ ተጠጋግተው፣ ተደጋግፈው አንድ ይሆናሉ። ልክ ሆኖ ከታጠፈ ጓደኛውን ፕሮቲን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ትእዛዙም ያልፋል። ካልታጠፈ ግን ምንም አይይዝም፣ መልእክቱም እመንገድ ይቀራል። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ክር ሲታጠፍ በአንድ ትንፋሽ ነው ወይስ መሀል ላይ ቆም ይላል?

ይህን ለማየት መጀመሪያ እንፈታዋለን። ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነውን ዩሪያ ታውቀዋለህ አይደል? እኛ ያንኑ፣ ግን ጥርት ብሎ የተጣራውን፣ ውኃ ውስጥ እናሟሟለን። ፕሮቲኑ ብዙ ዩሪያ ውስጥ ሲገባ ጥቅሎቹ ይላላሉ፣ ተመልሶ ክር ይሆናል። ዩሪያውን በውኃ ስናቀጥነው ደግሞ ማንም ሳያስተምረው፣ ማንም እጁን ሳይዘው እንደገና ይታጠፋል። የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቅቅል እንቁላል ጥሬ ሆኖ ሲመለስ አይተህ ታውቃለህ? ይኼኛው ይመለሳል። ሲታጠፍ የሚሰጠው ብርሃን ስለሚለወጥ ማሽኑ ብርሃኑን እየተከተለ ስክሪን ላይ መስመር ይስላል። መስመሩ አንዴ ብቻ ከወረደ ፕሮቲኑ በአንድ እርምጃ ታጥፏል። ወርዶ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና ቀስ እያለ ከወረደ ግን መንገድ ላይ የሚያቆመው ነገር አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ልግባ። ይህን ፕሮቲን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በአንድ እርምጃ ነው የሚታጠፈው ይላል። መጀመሪያ ያሉት አንድ ታላቅ ፕሮፌሰር ናቸው፤ እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ በሐሜት «አንድ እርምጃ» ብለን ነው የምንጠራቸው። እኔ ስሠራው ግን መስመሩ መሀል ላይ ቆም አለ። ደገምኩት፣ ቆም አለ። ነገሩ ወዲህ ነው። ፕሮቲኑ ይቸኩልና አራቱን ጥቅሎች አለቦታቸው ይገጥማቸዋል፣ የቀሩት ሁለቱ መግቢያ ያጣሉ፣ ያኔ የሠራውን አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እሱ ነው።

ታዲያ እሳቸው እንዴት አላዩትም አትለኝም? በጭራው ምክንያት ነው። ፕሮቲኑን የምናበቅለው በባክቴሪያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ስፍር ቁጥር የሌለው ፕሮቲን አለ። የእኛን ለይተን ለማውጣት ጫፉ ላይ አጭር ጭራ እንቀጥልለታለን፣ በጭራው ይዘን ጎትተን እናወጣዋለን። ከዚያ ጭራው መቆረጥ አለበት። ግን መቁረጡ አሰልቺ ነው፣ ሲቆረጥም ብዙ ፕሮቲን ይባክናል፤ ስለዚህ የእኛ ሙያ ሰው «ጭራው ምን ያደርጋል፣ ይቆይ» ይላል። እሳቸውም እንዲያው ነው ያሉት። ክፋት የለበትም፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። እኔ ግን የጸጉር አስተካካይ ልጅ ነኝ፤ ያልተከረከመ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ቆረጥኩት። ለካስ ጭራው ነው ጥቅሎቹን እየደገፈ በተሳሳተ ቦታ እንዳይገጥሙ ሲያደርግ የኖረው! ያለ ጭራ ሲሆን እውነተኛ ጠባዩ ወጣ።

ይህን ለአለቃዬ ሳሳያት ፊቷ ጥቁር አለ። ጥሩ ሴት ናት፣ እጅዋ ላይ ነው ያደግኩት ብል አላጋነንኩም፤ ግን ጠብ አትወድም። የመመረቂያ ጽሑፌን የሚመረምሩት የውጭ ፈታኝ ማን እንደሆኑ ታውቃለህ? ራሳቸው አንድ እርምጃ። «ሦስተኛውን ምዕራፍ አውጪው» አለችኝ። «የቀረው ይበቃሻል፣ በሰላም ተመረቂ። እውነት ከሆነ አንድ ቀን ሌላ ሰው ያገኘዋል» አለች። ደሜ ፈላ። እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ? «ምዕራፉ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» አልኳት። አንተም እንዲህ ነህ ይላሉ፤ አንድ ሰውዬ «ግማሹን ላጭተህ ግማሹን ተውልኝ» ቢልህ ገንዘቡን መልሰህ አባረርከው አሉ።

ግን ግትርነት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ፕሮፌሰሩ ምን እንደሚሉኝ አስቀድሜ አውቄዋለሁ፤ «ስትቆርጪው አበላሽተሽው ነው» ነው የሚሉኝ። ስለዚህ ሌላ ፕሮቲን ልሥራ ብዬ ተነሳሁ፤ ከመጀመሪያውም ጭራ ያልነበረው፣ መቁረጫ የሚባል ነገር ያልነካው። አባዬ፣ አበሳዬን አየሁ። ያለ ጭራ እሱን ለይቶ ማውጣት ጆሮ የሌለው የፈላ ድስት በባዶ እጅ ማውረድ ነው። ክረምቱን በሙሉ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ጓንት በጓንት ደርቤ ዋልኩ። ስንቴ «አሁንስ አገኘሁት» ስል ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ብልቃጡ ሥር ተጋደመ። የማሽኑ ባለሙያ፣ ቀኑን ሙሉ እማሽኑ ላይ ተደፍቶ ስለሚውል ጎንበስ የምንለው፣ አንድ ቀን መጥቶ አየኝና «አንቺ ልጅ፣ ይህ ፕሮቲን ያንቺን ሴሎች ነው የሚገድለው» አለኝ። በመጨረሻ ጥቂት ጠብታ ተሳካልኝ። ጥቂት ናት፣ ግን እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለች። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ብቻዬን እልል አልኩ፤ የጎረቤቴ ውሻ መለሰልኝ።

ማክሰኞ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። አንድ እርምጃ ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸው ቀጥ ብሎ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ጸጉራቸው ግን ማጅራታቸው ጋ ወደ ግራ አዘንብሏል፤ አንተ ብታየው «እንዴት ያለ እጅ ነው የነካህ» ሳትል አታልፍም ነበር። ንግግሬን ጨረስኩ። እሳቸው ሁለቱን ምዕራፎች አመሰገኑ፣ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ «ሦስተኛው ግን ስለ ፕሮቲኑ የሚነግረን ነገር የለም፤ የመቁረጫው ጉዳት ነው» አሉ። አለቃዬ አንገቷን ደፋች። የአጎቴ ባንኮኒ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፤ ነጭ ጋውን ለብሼ የሳል ሽሮፕ ስደረድር ታየኝ። አጎቴን እወደዋለሁ፣ መድኃኒት ቤትም የተከበረ ሥራ ነው፤ ግን በዚያች ደቂቃ ነፍሴ ወጥታ ገባች።

ከዚያ አፌ ከእኔ ቀደመ። «ፕሮፌሰር፣ ማሽኑ ምድር ቤት ነው ያለው፤ ይምጡና በራስዎ እጅ ይሞክሩት» አልኩ። በፈተና ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። የፈተናው ሰብሳቢ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሩ። እሳቸው ጃኬታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉና «እንሂድ» አሉ፤ ሰብሳቢዋና አለቃዬም ተከተሉን።

ሦስት ብልቃጥ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱ ጭራ ያለው፣ አንዱ ጭራው የተቆረጠው፣ አንዱ ከጥንቱም ጭራ ያልነበረው። ጎንበስ ሌላ ክፍል ወስዶ በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ ፕላስተር ለይቷቸው መጣ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም። እሱን ኮሪደር ላይ አቁመን በሩን ዘጋን፤ ፊቱ እንዳያሳብቅ ነው። እሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው እማሽኑ ፊት ተቀመጡ። እጃቸው የለመደ እጅ ነው፤ ያንን መካድ አልችልም።

ቀዩን በመርፌ ስበው ወደ ማሽኑ ገፉት። መስመሩ አንዴ ወረደ፣ አለቀ። «ይኸው» አሉ። ሰማያዊውን ገፉት። ወረደ፣ ቆም አለ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ቢጫውን ሲገፉት ግን መስመሩ ተበጣጠሰ፤ ወጣ ወረደ፣ ምኑም የማይያዝ ነገር ሆነ። በቃ፣ ክረምቴን በሙሉ ውኃ በላው አልኩ። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ እሳቸው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና «አየር ገብቶበታል፤ ይህ አይቆጠርም» አሉ። ራሳቸው፣ አባዬ! ዝም ቢሉ ኖሮ እኔ ደንግጬ ነበር፣ የቀረውም ሰው አያውቀውም ነበር። የቆሙበትን ነገር የሚያፈርስ ብልቃጥ መሆኑን እየጠረጠሩ አየሩን በገዛ እጃቸው አስወጡት። ያን ጊዜ ወደድኳቸው። እንደገና ገፉት። ወረደ፣ ቆም አለ፣ ቀስ እያለ ወረደ።

ጎንበስን ጠራነው። ቀዩ ጭራ ያለው፣ ሰማያዊው የተቆረጠው፣ ቢጫው «ከፍጥረቱም ጭራ የማያውቀው» ነው አለ። እሳቸው ቢጫውን ደግመው ሠሩት፤ መልሱ ያው ነው። ወደ አዳራሹ ስንመለስ አልተቀመጡም። ቆመው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ተማሪዎቼን ጭራው ምንም አያደርግም እያልኩ ኖሬያለሁ። ተሳስቻለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ እንዳይወጣ፤ እንዲያውም ወደ ፊት ይምጣ» አሉ። አለቃዬ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም፤ ትሕትና መልካም ነው ብላችሁ አሳድጋችሁኛል፣ አውቃለሁ፣ ግን የዚያን ቀን ትሕትናን ከጃኬታቸው ጋር ወንበሩ ላይ ትቼው ነበር። ከጠቅላላው ዓለም ይህን ነገር መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፣ የአንተና የእማዬ ልጅ። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ አንተም ተናገርልኝ።

በማግሥቱ አለቃዬ ጠራችኝ። ፕሮቲኑ እንዲያ ተሳስቶ በታጠፈበት ቦታ ላይ ተቀርቅሮ ሲቀር ትእዛዙም አብሮ ይቀር እንደሆነ የሚመረምር አዲስ ሥራ ሊከፈት ነው። ከቀረ፣ እምቢ ባዩን ሴል የምናሳምንበትን መንገድ አንድ ቀን ሰው ከዚያ ይጀምረው ይሆናል፤ ከአሁኑ ተስፋ አልሰጥህም፣ ሩቅ ነው። «የሚመራው ሰው እንፈልጋለን፤ አንቺ ትሆኛለሽ?» አለችኝ። አላስጨረስኳትም። «እሺ» አልኩ፣ አንተን ሳልጠይቅ።

እንግዲህ ረትቻለሁ አባዬ። ደውዬ ልስቅብህ፣ «በል እንግዲህ» ልልህ ተዘጋጅቼ ነበር። ትናንት ወንድሜ ቀድሞ ደወለ። አንተ አትንገራት ብለኸዋል፤ እሱ ግን ሆዱ አልቻለም። የኋላውን ክፍል ቀለም እያስቀባህ ነው። አልጋ አሠርተሃል። ጥዋት ፀሐይ እንድትገባልኝ ግድግዳውን አስፈርሰህ መስኮት አስወጥተሃል፣ መጋረጃውንም እማዬን አስመርጠሃል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ማክሰኞ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ። አንተን መርታት እንዲህ ያማል ብሎ የነገረኝ የለም።

አልመጣም አባዬ። ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፤ አሁን አልሰርዘውም። አልመጣም፣ ሥራዬ እዚህ ነው፣ ደስም ብሎኛል፣ አዝኛለሁም። ያን ክፍል ግን ለማንም እንዳትሰጥብኝ። ለእረፍት ስመጣ የምተኛው እዚያ ነው፤ ፀሐይዋንም እስከ ረፋድ እዚያው ተኝቼ ነው የምሞቃት።

እማዬን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ፤ መጋረጃው ሰማያዊ ከሆነ እንደምወደው፣ ሌላም ከሆነ እንደምወደው ንገራት። አያቴን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ሽሮፗን እንድትጠጣ፣ የልጅ ልጇ ዓለም የማያውቀውን አወቀች ብለህ ጮክ ብለህ በግራ ጆሮዋ ንገራት። ወንድሜን ምስጢር ስላወጣ ቆንጥጥልኝ፣ ከዚያ ሳምልኝ። አጎቴን ስለ ባንኮኒው ይቅርታ በልልኝ፤ ኩራቱን ከእኔ ጋር ይካፈል። ወንበርህ ላይ ለሚቀመጡ ደንበኞች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስ፣ ምን እንደማጠናም ምላጩን አስቀምጠህ ንገራቸው።

አንተ ደግሞ፣ አባቴ፣ መቆጣትህ አይቀርም፣ አውቅሃለሁ። ተቆጣ፤ መብትህ ነው። ብቻ አደራህን፣ ኮርተህ ተቆጣ።

የማትበገረው ልጅህ

ከላቦራቶሪው ምድር ቤት፣ ማሽኑ አጠገብ
እሑድ፣ መጋቢት ፭ ቀን